አሸዋው ከየት ነው የሚመጣው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የአገር ቤቱ ሲመጣ ለይቼ እናገራለሁ።

ሰሞኑን ዱባይ ያላችሁትም፣ ዲሲ ያላችሁትም፣ አውሮፓ ያላችሁትም የማልዲቭስ ፎቶ አጥለቅልቃችሁናል። ሙሽሮቹም አምረዋል፣ ባሕሩም አምሯል፤ ትዳራችሁን ይባርክ። ከአንዱ ፎቶ ሥር ግን አንድ ወዳጃችን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሰዎቹ ባሕር ሞልተው ከተማ ሠሩ፤ እኛ ይኼን ሁሉ ደረቅ መሬት ይዘን ምን ሠራን?» ላይኩ ዘነበለት። ሌላው ቀጠለና «የአካባቢ ጥናት ምናምን የሚባለው ፈረንጆች ድሃ አገር እንዳይሠራ የፈጠሩት ማነቆ ነው» አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ከታክሲው በፊት ሲቪል መሐንዲስ እንደነበርኩ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። አፈር ሲቆረጥ፣ አፈር ሲሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግንባታ አልጠላም። አንድ መሐንዲስ ሙሌት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቁሱ ከየት ነው የሚመጣው? መንገድ ስንሠራ ከየትኛው ካባ እንደምናወጣ፣ ካባው ካለቀ በኋላ ጉድጓዱ ምን እንደሚሆን እንጠይቃለን። ኮራል ደሴት ላይ ይህ ጥያቄ የሞት የሽረት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እኛ ደሴት ሲባል ትዝ የሚለን ጣና ነው፤ ከሥሩ ዐለት ያለው፣ ዛፍ የበቀለበት፣ ገዳም የተተከለበት መሬት። የማልዲቭስ ደሴቶች እንደዚያ አይደሉም። 1,192 ያህል ደሴቶች አሉ፤ ሁሉም ኮራል በሠራው ቀለበት ላይ የተከመሩ የአሸዋና የጠጠር ክምሮች ናቸው። ቀለበቱ አቶል ይባላል፤ በመካከሉ ያለው ጸጥ ያለ ውኃ ላጉን ይባላል። የመሬቱ አማካይ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በተፈጥሮ ከፍተኛ የሚባለው ቦታ እንኳ ሁለት ሜትር ከአርባ አካባቢ ነው፤ አንድ ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ተራራ የለም፣ ወንዝ የለም፣ ከደጋ ደለል የሚያመጣ ጎርፍ የለም። ታዲያ አሸዋው ከየት መጣ?

ከሪፉ ነው የመጣው። ሪፍ የምንለው ደሴቱን የከበበውን የኮራል አጥር ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ተጠጋግተው የኖራ ድንጋይ አጽም እየገነቡ የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ምጽዋን ያያችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ የድሮዎቹ ቤቶች ግድግዳ ከዚሁ ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። ያንን ድንጋይ አሸዋ የሚያደርገው ማዕበል ብቻ አይደለም። በቀቀን ዓሣ የሚባል መንቁር የመሰለ ጥርስ ያለው ዓሣ አለ፤ ሪፉን እየጋጠ፣ ድንጋዩን እየፈጨ ይኖራል፤ የፈጨውን አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። በ2015 ቫካሩ በምትባል የማልዲቭስ ደሴት ላይ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በሪፉ ላይ ከሚፈጠረው አዲስ አሸዋ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የዚህ ዓሣ ሥራ መሆኑን አሳይቷል። በግልጽ አማርኛ፣ ባዶ እግራችሁን ቆማችሁ ፎቶ የተነሣችሁበት ያ ነጭ አሸዋ በአብዛኛው የዓሣ ኩስ ነው። ሙሽሮች ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሪፉ ሌላም ሥራ አለው። ከውቅያኖስ የሚመጣውን ማዕበል ይሰብራል። በ2014 በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ሪፍ የማዕበልን ጉልበት በአማካይ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ይህን የሚያህል የማዕበል መስበሪያ ግንብ ሥሩ ብባል ወጪውን ለመገመት እንኳ እፈራለሁ። ይኼኛው በነጻ የተሰጠ ነው፤ ሲሰነጠቅ ራሱን ይጠግናል፤ ባሕሩ ቀስ እያለ ሲነሣ ጤነኛ ከሆነ አብሮ ያድጋል። እንዲህ ዓይነት ኮንክሪት ማንም አልፈለሰፈም።

ሦስተኛው የመጠጥ ውኃው ነው። ዝናብ ሲዘንብ አሸዋው ውስጥ ሰርጎ በጨዋማው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ጣፋጭ ውኃ ከጨው ውኃ ስለሚቀል፣ በንድፈ ሐሳቡ ከባሕር ጠለል በላይ ለሚቆም ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲሜትር ጣፋጭ ውኃ ከሥር 40 ሴንቲሜትር ያህል ይተኛል። ደሴቱ ሲቆፈር፣ ወደብ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ዳርቻው ሲታረስ ይህ ሚዛን ይፈርሳል፤ ጉድጓዱ ይጨመጭማል። በ2004ቱ ሱናሚ ማዕበሉ በብዙ ደሴቶች ላይ የጉድጓድ ውኃውን በጨው አበላሽቶባቸዋል። ካንዶልሁዱ የምትባለው ደሴት ሕዝብ ጭራሽ ቤቱን ጥሎ ሌላ ደሴት ላይ ነው የሰፈረው።

አራተኛው ደግሞ ደሴቱ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ማልዲቭስ ሁለት የነፋስ ወቅት አለው፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍስ። አሸዋው በአንዱ ወቅት ወደ አንዱ ዳር ይሄዳል፣ በሌላው ወቅት ይመለሳል። ዳርቻው በየዓመቱ በብዙ ሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ ተንቀሳቃሽነት የደሴቱ ጤንነት ነው። ሰው ግን ዳርቻውን እንደ አጥር ድንበር ቆጥሮ ቤት ሲሠራበት፣ ከዚያ ቤቱን ለማዳን ወደ ባሕር የሚገባ የድንጋይ ግድግዳ ሲያቆም፣ የአሸዋው መንገድ ይዘጋል። ግድግዳው በአንድ ወገን አሸዋ ይሰበስባል፣ በሌላው ወገን ደሴቱ መበላት ይጀምራል። ከዚያ ለዚያኛውም ወገን ግድግዳ ይሠራል። ከዚያ ለቀጣዩ። መጨረሻው ደሴቱን በሙሉ በድንጋይ መክበብ ነው።

እንግዲህ በዚህ ነገር ላይ ግንባታ ሲመጣ ምን ይሆናል?

ባሕር ሞልቶ መሬት መሥራት ማለት አንድ ትልቅ መርከብ ከላጉኑ ወለል አሸዋ እየመጠጠ በቧንቧ ወደ ሙሌቱ ይተፋዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ለሁሉም ይታያል፤ ከሙሌቱ ሥር ያለው ሁሉ ይቀበራል። ሁለተኛው ግን ከአካባቢው አልፎ ይሄዳል። የሚነሣው ደለል ውኃውን አደፍርሶ በሞገድ ይጓዛል። ኮራሎች ምግባቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት በሰውነታቸው ውስጥ ከሚኖሩ፣ ፀሐይ ከሚፈልጉ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ውኃው ሲደፈርስ ይራባሉ፤ ደለሉ ሲያርፍባቸው ይታፈናሉ። ሦስተኛው የውኃው መንገድ መቀየሩ ነው። ዱባይ ያላችሁ ፓልም ጁሜይራን ታውቃላችሁ። ዘንባባውን የከበበው ግንብ መጀመሪያ ሲታሰብ ውኃው ውስጥ ታስሮ የሚቀር መሆኑ ስለታየ፣ ውኃ የሚዘዋወርበት ክፍተት እንዲተውለት ተደርጓል። እዚያ ገንዘብ ነበረ፣ ማስተካከያም ተገኘ። ድሃ ደሴት ላይ ይህን ማስተካከያ ማን ይከፍላል?

«ይህ በድሃ አገር ብቻ የሚሆን ነው» የሚለኝ ካለ ማያሚን ልጥራ። ከ2013 እስከ 2015 የማያሚ ወደብ መግቢያ ጥልቀት ሲጨመር፣ በአሜሪካ ሕግ፣ በአሜሪካ ቁጥጥር፣ ጥናትና ፈቃድ ሁሉ ተሟልቶ ነው የተሠራው። ጉዳቱ ከቦዩ አጠገብ ብቻ ይሆናል ተብሎ ነበር። ከሥራው በኋላ በ2019 የወጣ ጥናት ግን ከቦዩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮራል በደለሉ እንደሞተ ገምቷል፤ የደለሉ ዳፋ ደግሞ ከዚያ ርቆ በኪሎ ሜትሮች ሄዷል። ከዚህ የምማረው ጥናት ዋጋ የለውም የሚለውን አይደለም። ጥናቱ ወረቀት ላይ ያስቀመጠውን ባሕሩ ላይ ቆሞ የሚለካ፣ ሲበልጥ ደግሞ «አቁም» የሚል ሰው ከሌለ ግምት ግምት ሆኖ ይቀራል የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ማልዲቭስ ልመለስ። ማልዲቭስ ሕግ የላትም እንዳትሉ። በ1993 በወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕጓ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ፕሮጀክት ሁሉ አስቀድሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግለት ይጠይቃል። አማካሪዎች አሉ፣ ተቋም አለ፣ ቅጽ አለ። ታዲያ ችግሩ የት ነው?

አዱ የምትባለውን በደቡብ ጫፍ ያለች አቶል ተመልከቱ። በ2020 ዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዘገባት። ብዙም ሳይቆይ በሕንድ የኤክስፖርት ባንክ ብድር፣ በኔዘርላንድ ኩባንያ ሠራተኝነት፣ ከ180 ሄክታር በላይ የሚሆን የባሕር ሙሌት ፕሮጀክት መጣ፤ 147 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ለመንግሥት የተሠራው ግምገማ እውነቱን አልደበቀም፦ 21 ሄክታር ኮራልና 120 ሄክታር የባሕር ሣር ይቀበራል ብሎ ጻፈ። የባሕር ሣር ተራ ሣር እንዳይመስላችሁ፤ ለትናንሽ ዓሦች ማደጊያ፣ ለአሸዋው መያዣ ነው። ሐኪም የምርመራ ውጤቱን በትክክል ጽፎ «በሽታው ከባድ ነው» ካለ በኋላ ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ወደ ጠጅ ቤት ሄደ እንደማለት ነው። ፕሮጀክቱ ቀጠለ።

ወደ ሰሜን ደግሞ ኩልሁዱፉሺ አለች። የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራላትና በ2019 ተከፈተ። ለማረፊያው ሲባል በደሴቲቱ ሰሜን የነበረው ማንግሮቭ ከ70 በመቶ በላይ እንደተቀበረ ሂዩማን ራይትስ ዋች በ2023 ባወጣው ዘገባ ጽፏል። ማንግሮቭ በጨው ውኃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ሥሩ ረግረጉን ይይዛል፣ ዝናቡን ይመጥጣል። እዚያ ረግረግ ውስጥ የደሴቲቱ ሴቶች የኮኮናት ልጣጭ ቀብረው እያለሰለሱ ገመድ ይገምዱበት ነበር፤ የብዙ ቤት እንጀራ ነበር። አሁን ልብ በሉ፦ በዚያው አቶል ሃኒማዱ ላይ ቀድሞውኑ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። የአካባቢ ግምገማ ትልቁ ጥያቄ «ይህን ስንሠራ ጉዳቱን እንዴት እንቀንስ?» አይደለም። «ይህ ነገር ያስፈልጋልን? ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ነው። ጥሩ የፈጣን ጀልባ አገልግሎት ስንት ያስወጣ ነበር? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ጥናት ሺህ ገጽ ቢሆን ምንም አልተገመገመም።

ዋና ከተማዋ ማሌ አጠገብ ደግሞ ጉልሂፋልሁ አለ። እዚያ ለታቀደው ሙሌት ከሰሜን ማሌ አቶል ላጉን 24.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ እንዲመጠጥ ነበር የታሰበው። ቁጥሩ ካልታያችሁ በአገራችን ቋንቋ ልንገራችሁ፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ቢጫን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ጭነት ይበልጣል። ቦታው ደግሞ ጠላቂዎች ከሚወዱት ሃንስ ሃስ ከሚባል የተጠበቀ ሪፍ ጎን ነው። «አሸዋው ከየት ነው የሚመጣው?» ያልኩት ለዚህ ነው። ሙሌቱን ሁሉም ያየዋል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ጉድጓዱ ግን ውኃ ሥር ስለሆነ ማንም አያየውም።

ይህን ስል የማሌን ሰዎች ችግር አላየሁም ማለት አይደለም። ማሌ በዓለም እጅግ ከተጨናነቁ ከተሞች አንዷ ነች። አንድ ክፍል ውስጥ ተራ በተራ የሚተኙ ቤተሰቦች አሉ፤ ባሕረ ሰላጤው አገራት በጋራ ክፍል የኖራችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከ1997 ጀምሮ የተሞላችው ሁልሁማሌ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መኖሪያ ነች፤ ከፍታዋም ሁለት ሜትር ገደማ ሆኖ ከተፈጥሮ ደሴቶቹ ከፍ ይላል። ያ ውሳኔ ሙግት ሊቀርብበት ይችላል፤ ትርጉም የለሽ ነበር ግን አልልም። ሕዝብን አንድ ቦታ ላይ ሰብስቦ አንዱን ሪፍ መሠዋት፣ ሌሎቹን መቶ ሪፎች ለማዳን ከሆነ፣ ስሌቱ ይገባኛል። ስሌቱ የሚፈርሰው አንዱንም ሠውተን፣ ሌላውንም ሠውተን፣ ሦስተኛውንም ለምርጫ ቃል የገባን ጊዜ ነው።

ሌላው የሚነሣው ክርክር ከባዱ ነው፦ «ባሕሩ እየነሣ ነው፤ ሪፉ በሙቀት እየሞተ ነው፤ ስለዚህ ከፍ አድርጎ መሙላት ብቻ ነው የሚያድናቸው።» እውነት አለው። በ1998 በባሕር ሙቀት ምክንያት በማልዲቭስ ጥልቀት በሌለው ውኃ ያሉ ኮራሎች አብዛኞቹ ሞቱ፤ በ2016 እንደገና ነጡ። ያንን ሙቀት ያመጣው የማልዲቭስ ዓሣ አጥማጅ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ነዳጅ የምናቃጥል እኔን የመሰልን ነን። ይህን ሐቅ ሳይናገሩ የደሴት ሕዝብን ብቻ የሚወቅሱትን አልወድም።

ግን ከዚህ ሐቅ የሚከተለው ተቃራኒው ነው። ከ1998 በኋላ ብዙዎቹ ሪፎች በዓመታት ውስጥ አገግመው ነበር። ታማሚ ሰው ሊድን የሚችለው ትራሱን ከላዩ ሲያነሡለት እንጂ ሲጭኑበት አይደለም። የሙቀቱን ነገር ማልዲቭስ ብቻዋን ልትፈታው አትችልም፤ ደለሉ ግን በእጇ ነው። ቱቫሉ በምትባል ሌላ የኮራል ደሴቶች አገር 101 ደሴቶችን ከ1971 እስከ 2014 ያጠኑ ሰዎች፣ ባሕሩ እየነሣ ሳለ የአገሪቱ የመሬት ስፋት በጠቅላላው 2.9 በመቶ እንደጨመረ አገኙ። ይህ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም፤ የቀነሱ ደሴቶችም አሉ። ግን አሸዋ የሚሠራ ሪፍ ያለው፣ ዳርቻው ያልታሰረ ደሴት ራሱን የሚያስተካክልበት ጉልበት እንዳለው ያሳያል። ያንን ጉልበት በሙሌት ቀብረን ግንብ ብንሠራ፣ ግንቡ ለዘላለም በጀት ይፈልጋል።

ማሌ ለዚህ ምስክር ነች። ለቤት መሥሪያ ኮራል ከሪፍ እየተቆረጠ ሲወጣ ኖረ፤ ከተማዋም ሪፉ ላይ እየተሞላች ሰፋች። በ1987 ከሩቅ የመጣ ማዕበል ከተማዋን አጥለቀለቀ። ከዚያ በኋላ በጃፓን እርዳታ ባለ አራት እግር የኮንክሪት ብሎኮች ተደርድረው ግንብ ተሠራ። ግንቡ ጥሩ ግንብ ነው፤ በሱናሚውም ጊዜ ከተማዋን ረድቷል። ነገር ግን ጃፓን ለ1,192 ደሴት ግንብ አትሠራም።

«ፈረንጅ የፈጠረው ማነቆ ነው» ላልከው ወንድሜ ደግሞ ይህን ልጨምር። በደቡብ ቻይና ባሕር ቻይና በኮራል ሪፎች ላይ ደሴቶች ስትሠራ የከሰሰቻት ፊሊፒንስ ነበረች፤ እንደኛው ድህነትን የምታውቅ አገር። በሐምሌ 2016 ሄግ ላይ የተቀመጠው የግልግል ዳኝነት ከወሰናቸው ነገሮች አንዱ፣ ቻይና በሪፎቹ ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሷንና የባሕር ሕጉ የሚጠይቀውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ውጤት አለማሳወቋን ነው። ቻይና ዳኝነቱን አልተቀበለችም። ግምገማው ግን በዚያ ችሎት የደካማው ወገን መሣሪያ ነበር። «ምን ልታደርግ እንደሆነ አስቀድመህ ጻፍ፣ እኔም ልየው» ማለት የኃያል ጥያቄ አይደለም፤ የጎረቤት ጥያቄ ነው።

እና መቼ ነው ግምገማው እውነተኛ የሚሆነው? በሥራ ዘመኔ ብዙ እንዲህ ዓይነት ሰነድ አይቻለሁ። የስንቱ ፕሮጀክት ሰነድ ከሥር ተቀምጦ ማንም ሳይገልጠው ቀርቷል! አንድ ጊዜ ለደጋ መንገድ በቀረበ ጥናት ውስጥ የቆላ ወንዝ ስም አገኘን፤ ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ ስሙን መቀየር ረስተውት ነው። ስለዚህ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ፤ መሐንዲስ መሆን ሳያስፈልግ ማንም ሊጠይቃቸው ይችላል።

አንደኛ፣ ጥናቱ የተሠራው ከውሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብድሩ ከተፈረመ፣ መርከቡ ከተከራየ በኋላ የሚመጣ ጥናት ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌዎቹ ቢከበሩም ሙሽራዋ ሄዳለች።

ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ለኩ? አሸዋው በሁለት ወቅት በሚመላለስበት አገር ሁለት ሳምንት ለክቶ መሄድ፣ በጥር ወር መጥቶ «አዲስ አበባ ዝናብ የለም» ብሎ እንደመመስከር ነው። ሁለቱም ነፋሳት ነፍሰው ማየት ግድ ነው፤ ቢያንስ ዓመት።

ሦስተኛ፣ ሌላው አማራጭ በእውነት ተመዝኗል ወይ? አለመሥራትስ?

አራተኛ፣ ለአማካሪው ማን ይከፍለዋል? በአብዛኛው የዓለም ክፍል ባለ ፕሮጀክቱ ነው ራሱ መርጦ የሚከፍለው። የሚበላበትን ወጪት የሚሰብር አማካሪ ብዙ አይገኝም፤ የሰበረ ደግሞ ቀጣዩን ሥራ አያገኝም። ገንዘቡ ከባለ ፕሮጀክቱ ወጥቶ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኩል ቢሄድ፣ አማካሪውንም መሥሪያ ቤቱ ቢመርጥ፣ ግማሹ በሽታ ይድናል።

አምስተኛ፣ ከጎረቤቱ ፕሮጀክት ጋር ተደምሮ ታይቷል? አንዱ ሪዞርት አንድ ሄክታር ሪፍ ቢያጠፋ «አነስተኛ» ተብሎ ይጻፋል። መቶ «አነስተኛ» ስንት እንደሚሆን የሚደምር ሰው ከሌለ ድምሩን የሚያወጣው ባሕሩ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስድስተኛ፣ መርከቡን የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው? የውኃው ድፍርስነት ከተቀመጠው መጠን ሲያልፍ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሥራ የሚያስቆም፣ ደመወዙ ከኮንትራክተሩ ያልሆነ ሰው መርከቡ ላይ ካልቆመ፣ ሪፖርቱ የሚደርሰው ኮራሉ ከሞተ በኋላ ነው። የደለል መጋረጃ ይዘረጋል፣ የተወሰነ ኮራል ወደ ሌላ ቦታ ይተከላል የሚለው ማጽናኛ አለ፤ መደረጉ ጥሩ ነው። መጋረጃው ግን ሞገድ በበረታበት አይሠራም፤ የተተከለውም ኮራል የተቀበረውን ሪፍ አይተካም። ችግኝ ተክዬ ጫካ አጠፋሁ ማለት አካክሶ አያውቅም።

አሁን «እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ። አንደኛ ገንዘባችን አለበት። በዓመት አንዴ ተቆጥቦ የሚከፈለው የሪዞርት ሒሳብ የት እንደሚገባ መጠየቅ መብታችን ነው። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉና ጠይቁ፦ ደሴቱ የተፈጥሮ ነው ወይስ የተሞላ? ሲሠራ የአካባቢ ግምገማው የት ይገኛል? የዳርቻው አሸዋ በየዓመቱ በፓምፕ ነው ወይ የሚመለሰው? መልስ ያለው ይመልሳል፤ መልስ የሌለው ዝምታውም መልስ ነው።

ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል። ብዙዎቻችሁ አገር ቤት ሐይቅ ዳር ሎጅ ለመሥራት ገንዘብ እያዋጣችሁ ነው፤ ለእኔም ጥሪው ደርሶኛል። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ኢትዮጵያ ኮራል የላትም፤ ሕግ ግን አላት። በ1995 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ከፈቃድ በፊት ይጠይቃል። ሐይቅም እንደ ኮራል ደሴት ነው፤ ሚዛኑ ከዳር የሚፈርስ ነው። አቢያታን ያየ ያውቃል። ውኃው ለሶዳ አሽ ፋብሪካና ወደሱ ከሚፈስሱት ወንዞች ለመስኖ እየተቀዳ ሲቀንስ፣ ዳርቻው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ፣ ዓሣውን ይበሉ የነበሩት ይብራዎችም ምግብ አጡ። እያንዳንዱ የቀዳ ሰው የቀዳው «አነስተኛ» ነበር።

ስለዚህ ለሎጁ ባለአክሲዮኖች ያለኝ ጥያቄ ግልጽ ነው። ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? ውኃው ከየት ይቀዳል? ዳርቻው ላይ የሚሞላ ነገር ካለ አፈሩ ከየትኛው ካባ ነው? ከእኛ ጎን የሚሠሩት ሌሎች ስንት ናቸው? ግምገማውን ማን ሠራው፣ ማን ከፈለው፣ እኛስ አንብበነዋል? የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሕንፃው ሥዕል ለአንድ ሰዓት ሲታይ፣ ይኼኛው ሰነድ ለአሥር ደቂቃ እንኳ ካልተገለጠ፣ እኔ ብሬን አላዋጣም።

«ባሕር ሞልተው ከተማ ሠሩ» ላልከው ወዳጄ፣ አዎ ሠሩ። መሐንዲሶቹንም አደንቃለሁ። ነገር ግን ያንን ደሴት መጀመሪያ የሠራው ሌላ ተቋራጭ ነው፤ ጨረታ አልተጫረተም፣ ቅድመ ክፍያ አልጠየቀም፣ ሺህ ዓመታት ያለ እረፍት ሠርቷል። እሱን ከሥራ አባርረን በቦታው የምናቆመው ግንብ ጥገናውን ማን እንደሚከፍል ሳንስማማ ሪባን መቁረጥ፣ ልማት ሳይሆን ዕዳን ለልጅ ማውረስ ነው።

የምትቃወሙኝ ካላችሁ ኑ፣ እንከራከር፤ ስድብ ብቻ ይቅር። በተለይ በባሕር ግንባታ ላይ የሠራችሁ፣ ዱባይና ዶሃ ያላችሁ የሙያ ወንድሞችና እህቶች፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉልን። ሙሽሮችም ፎቶውን ቀጥሉ፤ ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ ጭንቅላታችሁን ውኃው ውስጥ አስገብታችሁ የታችኛውንም አንድ አንሡልን።

ሰላም ሁኑልኝ።